ፕሪንተሩን ከገመዱ ማላቀቅ

እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በብዙ ቤት የሚሰማ ነገር አለ። «እማዬ፣ ነገ ፕሪንት አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ ተብለናል!» መምህሯ የመልመጃውን ወረቀት በቴሌግራም የላከችው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ልጁ ትዝ ያለው ግን አሁን ነው። ፕሪንተር በቤቱ ውስጥ አለ። የተቀመጠው ግን መኝታ ቤት፣ ከአሮጌው ዴስክቶፕ ጎን፣ ሕፃኗ በተኛችበት ክፍል ነው። ፋይሉ ያለው ደግሞ እናትየው ስልክ ላይ። ኮምፒውተሩ ይከፈታል፣ እስኪነሳ ይጠበቃል፣ ቴሌግራሙ ኮድ ይጠይቃል፣ ሕፃኗ ትነቃለች። በመጨረሻ «በቃ ተወው፣ ጠዋት ኮፒ ቤት እናሠራዋለን» ይባላል።

ኮፒ ቤቶች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን እዚያ ይዘን የምንሄደውን እናስብ። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የቤት ሽያጭ ውል። ፋይሉን በሱቁ የቴሌግራም ቁጥር እንልካለን፤ ወረቀቱን ተቀብለን፣ ከፍለን እንወጣለን። ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። የሱቁ ሠራተኛ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በቀን ስንት ፋይል ይቀበላል፣ የቱን አጥፍቶ የቱን ይተዋል? ነገ ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲወጣ የእኛም ወረቀት አብሮ ይወጣል። ፍላሽ ይዞ የሚሄደው ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ «ሾርትከት» የሚቀይረውን ቫይረስ ከኮፒ ቤት ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ያላመላለሰ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ አለን። ሕጉ ግን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የቀረውን የእርስዎን ፓስፖርት ሄዶ አያጠፋልዎትም።

ስለዚህ የዚህ ወር ጉዳያችን ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ያለችውን አንዲት ፕሪንተር ያለ ገመድ ለሁሉም ማዳረስ። አዲስ ፕሪንተር መግዛት አያስፈልግ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ አማላጅ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስሙም ፕሪንት ሰርቨር ይባላል።

አማላጁ ምን ይሠራል?

ገመድ ብቻ ያላት ፕሪንተር የምታውቀው አንድ ጌታ ነው፤ ገመዱ የተሰካበትን ኮምፒውተር። ፕሪንት ሰርቨር በመሐል ገብቶ ገመዱን ራሱ ይይዛል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል። ሳሎን ያለው ላፕቶፕ፣ ጓዳ ያለው ስልክ፣ ቢሮ ያለው ዴስክቶፕ ሥራቸውን ለእሱ ይልካሉ። እሱ በተራ ያሰልፋቸውና አንድ በአንድ ለፕሪንተሯ ያቀብላል። ባንክ ቤት ቁጥር ይዞ ተራ እንደመጠበቅ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢልክም ወረቀቱ አይደባለቅም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አፕል «ሌዘርራይተር» የተባለውን ፕሪንተር እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያወጣ ዋጋው 6,995 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ማን ያወጣል? ስለዚህ ከመጀመሪያውም የተሠራው ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ እንዲጠቀሙበት ተደርጎ ነው። የሚገርመው፣ ውስጡ የነበረው ፕሮሰሰር ሥራ ከሚልኩለት የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች የበለጠ ፈጣን ነበር። ኤች ፒ ደግሞ በ1991 «ጄትዳይሬክት» ብሎ የሰየመውን ካርድ አመጣ፤ ፕሪንተርን ያለ ኮምፒውተር በቀጥታ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ። ያኔ የተለመደው የ9100 በር ቁጥር ዛሬም ድረስ በብዙ ፕሪንተሮችና ፕሪንት ሰርቨሮች ላይ ይሠራል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። እንግዲህ የዛሬ ርካሽ ዕቃዎች የሚያደርጉት ያኔ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በብዙ ወጪ ያደረጉትን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎን ይፈትሹ

ገንዘብ ከኪስዎ ሳያወጡ ፕሪንተርዎን ይመልከቱ። ፊቷ ላይ የዋይፋይ ምልክት ያለበት ቁልፍ ወይም መብራት አለ? በሞዴሏ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ይናገራል፤ ኤች ፒ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ ያላቸውን ትንንሽ ሌዘሮች ስም ላይ «ደብልዩ» ይጨምራል። እኔ የማውቃት አንዲት ተርጓሚ ፕሪንተሯን ሁለት ዓመት ሙሉ በገመድ ስትጠቀም ቆይታ፣ ዋይፋይ እንዳላት ያወቀችው የጎረቤት ልጅ ቁልፏን ሲጫን ነው። የሸጠላት ሰውም አልነገራትም፤ መመሪያውንም ያነበበው የለም።

ዋይፋይ ካላት ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። ራሷ ፕሪንት ሰርቨር ናት። በፕሪንተሯ ስክሪን ወይም በአምራቹ የስልክ መተግበሪያ የቤትዎን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ አይፎን ያለው ሰው በ2010 በመጣው «ኤርፕሪንት» በኩል ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያትማል። የአንድሮይድ ስልኮችም ከ8ኛው ስሪት ወዲህ «ሞፕሪያ» በተባለው የጋራ መስፈርት የሚሠራ የማተሚያ አገልግሎት አብሯቸው ይመጣል። ካኖን፣ ኤች ፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ በ2013 የመሠረቱት ማኅበር ነው ይህን ያስገኘው፤ ተፎካካሪዎች ተስማምተው ለተጠቃሚ የሚጠቅም ነገር ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አናይምና መጠቀስ ይገባዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በድሮ መመሪያዎችና ቪዲዮዎች ላይ «ጎግል ክላውድ ፕሪንት» የሚል ካዩ ይለፉት። ጎግል አገልግሎቱን በ2020 መጨረሻ ዘግቶታል።

ዋይፋይ ከሌላት ሦስት አራት መንገድ አለ፤ እኩል ግን አይደሉም።

ነፃው መንገድ

ፕሪንተሯ የተሰካችበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ከሆነ ያለ ምንም ወጪ ማጋራት ይቻላል። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፕሪንተሯን ስም በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ» የሚለውን፣ ከዚያ «ሼሪንግ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ምልክቷን ያድርጉ። አጭር ስም ይስጧት። ኮምፒውተሩ የገባበት ኔትወርክ «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን፣ ፋይልና ፕሪንተር ማጋራትም መፈቀዱን ያረጋግጡ። ከዚያ ሌሎቹ ላፕቶፖች ሲፈልጓት ያገኟታል።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ መብራት አለበት፤ ማንቀላፋትም የለበትም። እሑድ ማታ ያችን ወረቀት ለማተም አሁንም መኝታ ቤት ገብቶ ኮምፒውተር መክፈት ሊኖር ነው። ስልኮችም በዚህ መንገድ የተጋራችውን ፕሪንተር እንዲሁ አያዩዋትም። ሌላም አለ፤ በ2021 ክረምት በዊንዶውስ የማተሚያ ክፍል ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ ማይክሮሶፍት ተከታታይ ማስተካከያዎች ለቀቀ። ማስተካከያዎቹ ተገቢ ነበሩ፤ ነገር ግን በየቤቱና በየቢሮው ለዓመታት ሲሠራ የነበረ የተጋራ ፕሪንተር በአንድ ሌሊት «አልገናኝም» አለ። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ ለጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ለቋሚነት አልመክርም። ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ላላት ትንሽ ቢሮ፣ አንደኛው ቀኑን ሙሉ የሚከፈት ከሆነ ግን በቂ ነው።

ራውተሩ ጀርባ

የአንዳንድ ራውተሮች ጀርባ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። ፕሪንተሯን እዚያ ሰክቶ መገላገል የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ አንዳንዴም ይሠራል። ግን ቀዳዳው ስላለ ብቻ ፕሪንተር ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ለፍላሽና ለሃርድ ዲስክ ብቻ የተሠሩ ናቸው። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ «ፕሪንት ሰርቨር» ወይም «ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚል ካላገኙ አይድከሙ። ካገኙም አንዳንድ አምራቾች በየኮምፒውተሩ ላይ የራሳቸውን ፕሮግራም መጫን ይጠይቃሉ፤ ስልክ ግን ውጭ ይቀራል። ራውተሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የስልክ መስመሩ በገባበት ጥግ ነው። ፕሪንተሯም ልትቀመጥ የምትችለው እዚያው ይሆናል።

ትንሿ ሳጥን

ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማው መንገድ ለብቻው የሚሸጠው ገመድ አልባ ፕሪንት ሰርቨር ነው። የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሳጥን ናት፤ በአንድ በኩል ለፕሪንተሯ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ ብዙ ጊዜም የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ አላት። ከአገር ውስጥ የኮምፒውተር ሱቆች ብትጠይቁ ሁሉም ላይ አታገኟትም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስመጣትም ይቻላል። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው «ፕሪንተሬ ራሷ ታስባለች ወይስ ኮምፒውተሩ ያስብላታል?» የሚል ነው። ውድ ፕሪንተሮች ገጽን የሚገልጽ ቋንቋ ያውቃሉ፤ «ፒ ሲ ኤል» እና «ፖስትስክሪፕት» የሚባሉትን። «እዚህ ላይ ይህን ፊደል ጻፊ» ሲባሉ ራሳቸው ይስሉታል። በአገራችን በብዛት የሚሸጡት ርካሾቹ ትንንሽ ሌዘሮች ግን ብዙዎቹ እንዲህ አይደሉም። ዋጋቸው የቀነሰው አእምሯቸው ስለተቀነሰ ነው፤ ሥራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ድራይቨር ሠርቶ፣ እነሱ ነጥብ በነጥብ የተዘጋጀውን ምስል ብቻ ይቀበላሉ። እንዲህ ያሉት ከአንዳንድ ሳጥኖች ጋር ይሠራሉ፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይግባቡም።

በየቢሮው የምናያቸው የድሮዎቹ ኤች ፒ ሌዘርጄት 1018 እና 1020 ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እነዚህ ፕሪንተሮች በተከፈቱ ቁጥር የሚሠሩበትን ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ይቀበላሉ፤ ሲጠፉ ይረሱታል። ኮምፒውተር በሌለበት ተራ ሳጥን ላይ ሲሰኩ መብራታቸው ይበራል፣ ሥራ ይላክላቸዋል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። ባለቤቱ ሳጥኑ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ ሌላም ቢሰጠው ያው ነው። የካኖን ኤል ቢ ፒ 2900 ባለቤቶችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው፤ የካኖን የራሱን ቋንቋ ብቻ የምትናገር ናትና። ስለዚህ ሳጥኑን ሲመርጡ አምራቹ ያወጣውን የሚስማሙ ሞዴሎች ዝርዝር ይመልከቱ። የእርስዎ ሞዴል ስሟ ከሌለ፣ ሻጩ ፕሪንተሯን አምጥተው እዚያው እንዲሞክሩ ከፈቀደ ይሞክሩ፤ ካልፈቀደ ይለፉት። «ይሠራል፣ አይዞት» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

እንደ ኤፕሰን ኤል ያሉ ስካነር ጭምር ያላቸው ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይወቁ። ብዙ ሳጥኖች ማተሙን ያስተላልፋሉ እንጂ ስካን ማድረጉንና የቀለም መጠን ማሳየቱን አያስተላልፉም። ስካን የሚያደርጉት አልፎ አልፎ ከሆነ በስልክ ካሜራ ሊተካ ይችላል፤ የዕለት ሥራዎ ከሆነ ግን ያስቡበት።

ሳጥኑ ተገዛ እንበል። አተካከሉ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ፕሪንተሯን እንደ ወትሮው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አንድ ገጽ ያትሙ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች የፕሪንተሯን የራሷን ሕመም የሳጥኑ ጥፋት አድርገው ግማሽ ቀን ይደክማሉ። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቆይ ያድርጉ፤ በኋላ ይፈለጋል።

ከዚያ ሳጥኑን ከራውተሩ አጠገብ ወስደው በኔትወርክ ገመድ ያገናኙት። ገመድ አልባ ዕቃ በገመድ መጀመር ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ሳጥኑ ግን የቤትዎን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ገና አያውቅም፣ እስኪነግሩት ድረስ የሚያናግሩት በዚህ ገመድ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ለጊዜው የራሳቸውን ዋይፋይ ይፈጥራሉ፤ ያን ጊዜ ስልክዎን ወይም ላፕቶፕዎን ከዚያ ጋር ያገናኙታል። በብራውዘሩ ላይ በመመሪያው ወይም በሳጥኑ ሆድ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ሲጽፉ የሳጥኑ ገጽ ይከፈታል። እዚያ የሚሠሩት ሁለት ሥራ ነው። አንደኛ፣ አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል ይለውጡ። ሁለተኛ፣ የቤትዎን ዋይፋይ ስም መርጠው የይለፍ ቃሉን በጥንቃቄ ያስገቡ፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያልና። አስቀምጠው ገመዱን ይንቀሉ፣ ሳጥኑን አጥፍተው ወደ ቋሚ ቦታው ይውሰዱት። ፕሪንተሯን ሰክተው መጀመሪያ ፕሪንተሯን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን ያብሩ።

አሁን አድራሻ። ራውተሩ በቤት ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ ያድላል፤ ለምሳሌ 192.168.1.50 የሚል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን አድራሻው ሊቀያየር ይችላል። የትናንቱን አድራሻ ይዘው የሚፈልጓት ኮምፒውተሮች ደግሞ «ፕሪንተሯ የለችም» ይላሉ። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ አድራሻን ለአንድ ዕቃ ለዘለቄታው የሚያስይዝ ቦታ አለ፤ እዚያ የሳጥኑን መለያ ቁጥር መርጠው አንድ አድራሻ ያስይዙለት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መብራት በሚመላለስበት ሠፈር ደግሞ ዋናው ሥራ ይህ ነው።

በመጨረሻ በየኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተር መጨመር። ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ካጣት «የምፈልጋት ፕሪንተር ዝርዝሩ ላይ የለችም» የሚለውን መርጠው በአይፒ አድራሻ የሚጨመርበትን መንገድ ይያዙ። ያስያዙትን አድራሻ ይጻፉ፣ የበር ቁጥሩን 9100 ያድርጉ (መመሪያው ሌላ ካላለ)፣ ከድራይቨሮቹ ዝርዝር የፕሪንተርዎን ትክክለኛ ሞዴል ይምረጡ። የሙከራ ገጽ ይላኩ። በወረቀቱ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ተደርድሮ ብዙ ገጽ መውጣት ከጀመረ ድራይቨሩ የሌላ ሞዴል ነው፤ ቶሎ አስቁመው ይቀይሩት።

ከስልክ ማተም ከፈለጉ ግን ሳጥኑ «ኤርፕሪንት» ወይም «ሞፕሪያ» የሚደግፍ መሆኑ በካርቶኑ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት። የቆዩት ሳጥኖች ይህ የላቸውም፤ ለላፕቶፕ ብቻ ነው የሚያገለግሉት። ወረቀቱ የሚላከው በስልክ በሆነበት ዘመን ይህን ሳያዩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ካለ

ሌላ አማራጭ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ራስበሪ ፓይ የምትባል የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒውተር። ከመካከላቸው ትንሿ፣ «ዜሮ 2 ደብልዩ» የተባለችው፣ በ2021 ስትወጣ ዋጋዋ 15 ዶላር ነበር፤ ዋይፋይ አላት፣ መብራት የምትበላው እንደ ስልክ ቻርጀር ነው። በውስጧ «ካፕስ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይጫናል። ፕሮግራሙን ማይክል ስዊት የተባለ ባለሙያ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ሲሆን አፕል በ2007 ገዝቶታል፤ ዛሬ የማክ ኮምፒውተሮችም ሆኑ አብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች የሚያትሙት በእሱ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅም ፓይ እውነተኛ ኮምፒውተር መሆኗ ነው። ያቺ ማሰብ የማትችል ሌዘርጄት 1020 ሳጥኑ ላይ ዝም ብትል፣ ፓይዋ ላይ ተገቢው ድራይቨር ሲጫንላት በተከፈተች ቁጥር የሚያስፈልጋትን ፕሮግራም እየተቀበለች ትሠራለች። ለአይፎንም ለአንድሮይድም ትታያለች። ጉዳቱ ትእዛዝ መጻፍ የሚችል ሰው መፈለጉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ወይም የኮሌጅ ተማሪ ልጅ ካለዎት ለአንድ ቅዳሜ የሚሆን ጥሩ ሥራ ነው። አባቱ «ይሄ ኮምፒውተር ላይ መጣድ ለምን ይጠቅማል?» ሲል ለኖረ ልጅ ደግሞ፣ አባቱ የኪራይ ውሉን ከሶፋ ሳይነሳ ሲያትም ማየት መልስ ነው።

ዋይፋዩ፣ ምጣዱና መብራቱ

አብዛኞቹ ሳጥኖችና ርካሽ ፕሪንተሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። አዳዲስ ራውተሮች 5 ጊጋኸርትዝ ጨምረው ሁለቱን በአንድ ስም ሲያሰራጩ አንዳንድ ዕቃ ይደናገራል። ሳጥኑ ዋይፋዩን አላገኝም ካለ በራውተሩ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ስም ሰጥተው ከ2.4ው ጋር ያገናኙት። ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ዋይፋይ ካለዎት ደግሞ ሳጥኑን እዚያ አያስገቡት፤ በእንግዳው መስመር ያሉ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይደረጋል።

የብሎኬት ግድግዳና የኮንክሪት ወለል ምልክቱን ይውጡታል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ግድግዳ ተሻግሮ ሲዳከም ያዩታል። ሳጥኑን ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባና ከማይክሮዌቭ አጠገብ ያርቁት። ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል።

ምጣዱ ግን ዋይፋይ አይረብሽም፤ የሚረብሸው መብራቱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። የሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ በሙቀት አቅልጦ የሚያጣብቅ ክፍል ስላላት ማተም ስትጀምር በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ትስባለች። እንጀራ እየተጋገረ አርባ ገጽ ማተም ኃይሉ በሚደክምበት ቤት ሥራውን መሐል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል። በዚያው ምክንያት ሌዘር ፕሪንተርን ለኮምፒውተር በተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ አይሰኩ፤ ዩፒኤሱን ትጥለዋለች። ዩፒኤሱ ላይ ራውተሩንና ሳጥኑን ይሰኩ፤ ሁለቱም ትንሽ ነው የሚበሉት፣ መብራቱም ብልጭ ብሎ ቢመለስ ከዋይፋዩ ጋር እንደ አዲስ መገናኘት አይኖርባቸውም።

በፈሳሽ ቀለም የምትሠራዋ ተቃራኒ ናት። የምትበላው ጥቂት ዋት ነው፤ ግን ከግድግዳው ላይ ነቅለው አያጥፏት። በራሷ ቁልፍ ስትጠፋ የቀለም አፏን ወደ ቦታው መልሳ ትከድናለች፤ ድንገት ከተነቀለች አፉ ክፍት ቀርቶ ይደርቃል።

በሩን ዝጉ

አንዳንድ ሰው ከቢሮ ሆኖ ቤቱ ያለችውን ፕሪንተር ለማዘዝ ሲል በራውተሩ ላይ የ9100 በርን ለውጭው ዓለም ይከፍታል። አይክፈቱት። በ2018 ኅዳር አካባቢ አንድ ሰው በዓለም ዙሪያ ይህ በር ተከፍቶ የተተወባቸውን ፕሪንተሮች ፈልጎ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ስለ አንድ የዩቲዩብ አዝናኝ የሚናገር ወረቀት እንዲያትሙ አድርጓል፤ 50,000 ያህል ፕሪንተሮች ላይ መድረሱንም ራሱ ተናግሯል። ያ ቀልድ ነበር። በዚያው በር የገባ ሌላ ሰው ቀልደኛ ላይሆን ይችላል።

ቢሮ ላይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ደመወዝ ዝርዝር ወይም የደንበኛ ውል ታትሞ ኮሪደር ላይ ካለች የጋራ ፕሪንተር ላይ ግማሽ ሰዓት ሲተኛ፣ ከኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የተሻለ ምስጢር አልሆነም። እንዲህ ያለውን ከመላክዎ በፊት ወደ ፕሪንተሯ መንገድ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ያለበት ቢሮ ከሆነ በቁጥር ኮድ ሲከፈት ብቻ የምታትም ፕሪንተር መግዛት ይሻላል፤ ለቤት ግን የትርፍ ትርፍ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ለምን ተበላሸ?

ሁሉም ተተክሎ አለቀ፤ አያት የእድር ደብዳቤ ላኩ፤ የወጣው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ገጽ ነው። ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም። ደብዳቤው የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በተለመዱት የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች ከሆነ፣ ፊደሉ ያልተጫነበት ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሲከፍተው የሚያየው ከስር ያለውን የላቲን ምልክት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የተጻፈ የቆየ ፋይል ገና ብዙ አለ። ፋይሉ በትክክል በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ይፈታዋል፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነም የተለያየ ፊደል ዓይነት ያላቸው ኮምፒውተሮች መስመሩን ስለሚያዛቡት፣ በተለይ ሰንጠረዥ ላለበት ወረቀት፣ ፒዲኤፍ ማድረጉ ልማድ ይሁን። ትምህርት ቤቶችም የመልመጃ ወረቀቱን በዚህ መልክ ቢልኩልን ወላጅ ይገላገል ነበር።

ልጆች በነፃነት ማተም ሲጀምሩ የቀለሙ ወጪ ይታያል። ባለቀለም ሥዕል ሃያ ገጽ ታትሞ ሳሎን ሊገኝ ይችላል። በልጆቹ ታብሌትና ላፕቶፕ ላይ ፕሪንተሯን ስትጨምሩ ጥቁርና ነጭን መነሻ ምርጫ አድርጉት፤ መቀየር ይችላሉ፣ ግን ብዙዎቹ አይቀይሩም። ወረቀቱን ራሱ ከፕሪንተሯ አውጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም የሠራላቸው እናቶች አሉ።

የዋይፋይ የይለፍ ቃል የቀየሩ ቀን ደግሞ ሳጥኑን አይርሱ። ስልክና ላፕቶፕ አዲሱን ቃል ይጠይቁዎታል፤ ሳጥኑ ግን መጠየቂያ አፍ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። የኔትወርክ ገመዱን ፈልገው ከራውተሩ አጠገብ ወስደው እንደ መጀመሪያው ቀን አዲሱን ቃል ይንገሩት። ስለዚህ ያቺን አጭር ገመድ፣ የሳጥኑን አድራሻና ያወጡለትን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው፣ በአንድ ፖስታ አድርገው የቤት ውሉና የመብራት ደረሰኙ ባለበት መሳቢያ ውስጥ ያኑሩ።